«የሕዝብ» ሲኒማ፣ «የሕዝብ» ቤት... ሕዝቡስ የት ገባ?

በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ ፒያሳ ወጥቼ ነበር። ጉዳዬን እንደጨረስኩ እግሬ ሳላዘው፣ በልጅነት ልማዱ ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ ይዞኝ ሄደ። መንገዱ ሰፍቷል። የእግረኛው መሄጃ ተነጥፏል፣ መብራቱ ተደርድሯል፣ ወጣቶች ቆመው በሞባይል ፎቶ ይነሳሉ። ያምራል፤ አያምርም የሚል ካለ ዓይኑን ይታከም። እኔ ግን ቆሜ የፈለግሁት መብራት አልነበረም፣ ሰው ነበር። ሱፍ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡልንን እናት፣ ሊስትሮ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ የፊልሙን መጨረሻ ቀድሞ እየነገረ የሚያናድደንን ልጅ፣ ማስቲካና ሶፍት የደረደረውን ሱቅ በደረቴ ፈለግሁ። አንድም የማውቀው ፊት አጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሜ «እንዴት ነህ?» ያለኝ ሰው የለም።

እዚያ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሲኒማው ደጃፍ እስከ እናቴ ቤት መንገዱ አምስት ደቂቃ አይሞላም ነበር። ሰላምታው ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ለመሆኑ ሲኒማ ቤት ምንድን ነው? ግንብ ነው? ወንበርና ሸራ ነው? ወይስ ሳምንት እየቆጠረ መጥቶ የሚቀመጥበት ሰው? ይህን የምጠይቀው ናፍቆት ይዞኝ ብቻ አይደለም። በሰፈራችን ሲኒማ ላይ የደረሰውና በሰፈራችን ቤቶች ላይ የደረሰው ነገር ሁለት የተለያየ ታሪክ ይመስለኝ ነበር፤ ዘግይቶ ነው አንድ መሆኑ የገባኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሳ።

አዲስ አበባ ከሲኒማ ጋር የተዋወቀችው ገና በልጅነቷ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ግድግዳ ላይ ጥላ ሰው መስሎ ሲንቀሳቀስ ያየ ሁሉ ደነገጠ። ካህናቱም ተቆጡ። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ማሳያ ቤት ምን ብሎ እንደሰየመው የአራዳ ልጅ ሁሉ ያውቃል፦ «የሰይጣን ቤት»። ስሙ መቶ ዓመት ተሻግሮ እኛ ጋ ደርሷል። የሚገርመው ሕዝቡ እየፈራም፣ እያማተበም መግባቱን አለመተዉ ነው!

ከዚያ 1928 ዓ.ም. መጣ። ፋሺስት ጣሊያን ከመርዝ ጋዙና ከመትረየሱ ጋር ሲኒማውንም ይዞ ገባ። ለሠራዊቱና ለሰፋሪው መዝናኛ፣ ለፕሮፓጋንዳው መንዢያ አደረገው። በዘር ሕጉም ነጩንና አገሬውን በአንድ አዳራሽ እንዳይቀመጡ ለያቸው። ነገሩ በሲኒማ ብቻ አላበቃም። ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአራዳ ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ «መርካቶ» የምንለው ስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። መሃሉ ለነጭ፣ ዳሩ ላገሬው ሰው ተብሎ ከተማችን በካርታ ተሸነሸነች። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነጥብ ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር አዳራሾቹን ተሸክሞ መሄድ አልቻለም። ለየቶ የነበረው ወንበር አገሬው ተቀመጠበት። ያኔ ነው ሲኒማ የፒያሳ ሰው የሆነው። አባቶቻችን ካውቦይ ያዩት፣ እናቶቻችን በህንድ ፊልም ነጠላቸውን ያራሱት፣ አራዳው ፀጉሩን በአክተሩ ፋሽን ያበጠረው በዚያ ዘመን ነው። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ከማዘጋጃ ቤት ሥርጭቱን ጀመረ፤ በዚያው ሰሞን «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ታየ። በራሱ ቋንቋ የሚያለቅስና የሚሳሳቅ ሰው ሸራ ላይ ማየት ለዚያ ትውልድ ምን ማለት እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም።

ከዚያ ደግሞ አብዮቱ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ከ300 ብር በታች የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ደሃው እልል አለ፤ ማለትም ነበረበት! ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶችም በዚያው የአብዮት ማዕበል ከባለሀብት እጅ ወጥተው በመንግሥት ሥር ገቡ። ሁለቱም፣ ቤቱም ሲኒማውም፣ አንድ የክርስትና ስም ተሰጣቸው፦ «የሕዝብ»።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር እዚህች ቃል ላይ ነው።

«የሕዝብ» ሲባል ምን ማለት ነው? እናቴ ያደገችበትና እኔም የተወለድኩበት የቀበሌ ቤት ኪራዩ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ በታች ነበር። ይህን እናመሰግናለን። ነገር ግን ጣሪያው ሲያፈስ አስፈቅደን ነው የምንደፍነው። አንዲት ክፍል ብንቀጥል ሕገወጥ ነን። አርባ ዓመት ኖረንበት «ባለቤት» ሳንሆን «ተከራይ» እንደሆንን ቀረን። አከራያችን ማነው? ሕዝብ! እኛስ ማነን? ሕዝብ! ራሳችን ለራሳችን አከራይተን፣ ራሳችን ራሳችንን አስወጣን ማለት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

የሲኒማውም ነገር እንዲሁ ነው። በደርግ ጊዜ ሸራው «የሕዝብ» ሆነና ሕዝቡ ምን ማየት እንዳለበት ሌላ ሰው ይመርጥለት ጀመር። የሶቪየት ፊልም በሽ በሽ ሆነ። ሰዓት እላፊው ደግሞ የማታውን ተመልካች በጊዜ ቤቱ አስገባው። የፒያሳ ሰው ግን አልተወውም፤ ወንበሩን ይዞ ቆየ።

እኔ ነፍስ ያወቅሁት ሌላ መንግሥት ከመጣ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ሲኒማው ተፎካካሪ መጥቶበት ነበር፤ ቪዲዮ ቤት። ጭቃ ቤት ውስጥ አግዳሚ ተደርድሮ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ በአንድ ብር ጃኪ ቻንና ቫንዳም እስኪበቃን እናይ ነበር። «አክተሩ አይሞትም!» የምትለዋን የሕይወት ፍልስፍና የተማርነው እዚያ ነው። (ስናድግ አክተሩም እንደሚሞት አየን፤ ያ ሌላ ወሬ ነው።)

ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያልታሰበ ነገር መጣ። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረፁ የአማርኛ ፊልሞች ሲኒማ ቤት መግባት ጀመሩ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ውድ የፊልም ጥቅል መግዛት፣ ውጭ አገር ልኮ ማሳጠብ ቀረ፤ ካሜራ የተዋሰ፣ ዘመድ አስቸግሮ ብር የሰበሰበ ሁሉ ፊልም ሠሪ ሆነ። አዳራሹም ከትኬቱ ገቢ ድርሻውን ይወስዳል። በዚህ መንገድ ነው የፊልም ኢንዱስትሪ የሚባለው ነገር ከመንግሥት ባጀት ሳይሆን ከተመልካች ኪስ የተወለደው።

ያንን ሰልፍ ያየ ይመሰክራል! በሲኒማ ኢትዮጵያና በአምፒር ደጃፍ እሁድ ከሰዓት የቆመው ሰው መንገዱን ይዘጋው ነበር። ፍቅረኛሞች፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እናቶች፣ ከመርካቶ የመጡ ደላሎች፣ ተማሪዎች፣ የኔ ቢጤ ባዶ ኪስ ጎረምሶች ሁሉ አንድ ሰልፍ ነን። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ አዳራሹ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ይሆናል። «ዞር በል፣ ከኋላህ ነው!» ብሎ ለአክተሩ የሚጮህ አለ። «እሷን አትመናት!» የምትል እናት አለች። ሲተቃቀፉ የሚያስል ሽማግሌ አለ። ከፊልሙ ይልቅ ተመልካቹን ለማየት የምገባበት ቀን ነበር፤ አልዋሽም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያንን አዳራሽ የሞላው ማን ነበር? ከቦሌ መኪና አስነስቶ የመጣ ባለሀብት አይደለም። ከዶሮ ማነቂያ፣ ከእሪ በከንቱ፣ ከሠራተኛ ሰፈር፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። ሲኒማ ቤት በእግር የሚሄዱበት ቦታ ሲሆን የሰፈር ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፊልሙ አልቆ፣ እየተከራከርክ፣ ልጅህን ትከሻህ ላይ አስተኝተህ ቤትህ ትደርሳለህ። ለታክሲ የምታወጣው የለም፣ ጨለማ የምትፈራው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቦሌ ላይ ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲኒማ ተከፈተና ገንዘብ ያለው አዳዲስ የሆሊውድ ፊልም ለማየት ወደዚያ አዘነበለ። ቪዲዮ ቤቱ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነና ጎረምሳው ወደ አርሰናልና ማንቼ ዞረ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሳሎን ድረስ አመጣው። ዩቲዩብ አማርኛ ፊልሙን በነፃ በየኪሳችን ከተተው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ አዳራሾች ጭራሽ ተዘጉ። ሲኒማ ይህን ሁሉ ዱላ ቀምሷል። ይህ ግን የዓለም ሁሉ ዕጣ ነው፤ በሮምም በካይሮም የሰፈር ሲኒማ እንዲሁ ተመትቷል። ለዚህ መንግሥትን አልወቅስም።

የምወቅሰው ለሚቀጥለው ነው።

የካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ተጀመረ። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። ስንት ዘመን የተጠራቀመ ሰፈር፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የቡና ማኅበሩ፣ የጠላ ቤቱ ወሬ ሁሉ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ከተማው ጠርዝ ሄደ።

እውነቱን እንነጋገር። ያፈረሱት ቤተ መንግሥት አልነበረም። ለአሥር አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበረን። ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋ እየገፋን ከማፍሰሻው እንሸሽ ነበር። እናቴ አሁን ባለችበት ኮንዶሚኒየም የራሷ መፀዳጃ አላት፤ ይህን ዋጋ የማይሰጥ የቀበሌ ቤት ኖሮ የማያውቅ ብቻ ነው። ጭቃ ቤቱ ይቆይልኝ ብዬ ሙሾ የማወርድ ሰው አይደለሁም።

ነገር ግን ማን ጠየቀን? የት መሄድ ትፈልጋላችሁ ብሎ፣ ከማን ጋር ጎረቤት ሁኑ ብሎ፣ እዚሁ ሰፈራችሁ ላይ ፎቅ ቢሠራ ትገቡበታላችሁ ወይ ብሎ ማን ጠየቀ? ለኛ ቤት የመጣው ሰው ይዞት የመጣው ጥያቄ ሳይሆን ቀን ነበር። ዕጣ ወጣና የአንድ ግቢ ሰዎች ሦስት አቅጣጫ ተበተንን። ስንት ዓመት ከእናቴ ጋር ቡና የጠጡ ጎረቤታችን አሁን የከተማው ሌላኛው ዳር ናቸው። ሲሞቱ የሚቀብራቸው ዕድርም ገና እንደ አዲስ እየተዋቀረ ነው።

ታዲያ እናቴ ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ ለመድረስ ስንት ታክሲ ትያዝ? ሦስት። ሄዳስ በስንት ሰዓት ትመለስ? የማታ ፊልም የሚባል ነገር ለእሷ አብቅቶለታል። ግንቡ ምንም ያህል ቢታደስ፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ባለወንበሯ ዳር ሄዳለች። ለኔ የሰፈር ሲኒማ የሚሞተው ግንቡ ሲፈርስ ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ሲሄድም ይሞታል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳት ነጥብ ልመለስ። ዛሬ የተደረገው ፋሺስት ካደረገው ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ያ ወራሪ ነበር፤ በቆዳ ቀለም ነው የለየን፤ ቤት ሊሰጠን ሳይሆን ሊገዛን ነው የመጣው። ይህ የራሳችን መንግሥት ነው። ነገሩ የሚከነክነኝም ስለዚህ ነው! ከወራሪ ማንም ምክክር አይጠብቅም። ከራስ መንግሥት ግን ይጠበቃል። መሃሉ ለጎብኚና ለባለገንዘብ፣ ዳሩ ለደሃ የምትሆን ከተማ ማንም ይሥራት ማን፣ ካርታዋ ያው ካርታ ነው። በ1933 ዓ.ም. አባቶቻችን ገብተው የተቀመጡበትን ወንበር በ2016 ዓ.ም. ልጆቻቸው በዕጣ ለቀቁት።

«ቅርሱን እየጠበቅን ነው» ይሉን ይሆናል። መልካም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ድንጋዩን ለማንሳት ፈቃድ ያስፈልጋል። ድንጋዩን ቅርስ ያደረገውን ሰው ለማንሳት ግን ዕጣ ብቻ ይበቃል! ሰው ከድንጋይ ያነሰበት ልማት ምን ዓይነት ልማት ነው?

እንግዲህ መውቀስ ብቻ ምን ይፈይዳል፤ የሚጠየቀው ይጠየቅ። እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ «የሕዝብ» የተባሉት የሲኒማና የቴአትር አዳራሾች ዕጣ ፈንታ በግልጽ ይነገረን። የትኛው ይታደሳል፣ የትኛው ይከራያል፣ ለማን፣ በስንት? ባለንብረት ስለንብረቱ መጠየቁ ነውር አይደለም። በስሙ የተያዘለት ነገር በጀርባው ሲሸጥ የሚያይ ባለቤት በዓለም ላይ እኛ ብቻ መሆን የለብንም።

ሁለተኛ፣ የታደሰ አዳራሽ ዋጋው ከሰፈር ሰው ኪስ እንዳይወጣ። ሰባት ቀን ሙሉ የባለገንዘብ ይሁን፤ ቢያንስ እሁድ ከሰዓት የእኛ ይሁን። ለጀማሪ ፊልም ሠሪም ተራ ይኑረው፤ ያ ኢንዱስትሪ የተወለደው ከሰልፉ መሆኑ አይረሳ።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ሕዝቡን ካወጣችሁት ዘንድ አዳራሹን ተከትላችሁ ውሰዱለት። በየኮንዶሚኒየሙ መንደር አስፋልት ተነጥፏል፣ ሱቅ ተከፍቷል፣ ቢራ ቤት ሞልቷል። ሰው ተሰብስቦ አብሮ የሚስቅበት፣ አብሮ የሚያለቅስበት፣ ካስፈለገም የሚሰበሰብበትና ስለራሱ የሚነጋገርበት አንድ አዳራሽ ግን የት አለ? ነገረኛ ሰው «የሚሰበሰብ ሕዝብ ስለሚያስፈራቸው ነው» ይል ይሆናል። እኔ አላልኩም። ካልሆነ ግን ሠርተው ያሳፍሩት!

ባለፈው እሁድ እናቴ ጋ ነበርኩ። ደረጃው ላይ አምስት ስድስት ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም በየስልኩ ላይ አፍጥጧል፤ አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም። ከመካከላቸው የድሮ ጎረቤታችን የልጅ ልጅ አለ። ሠፈሩን ሲለቅ አሥር ዓመቱ ነበር። ስለ ሲኒማ ኢትዮጵያ እየጻፍኩ እንደሆነ ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና፣ እዚያ ሲገባ ሰው ሁሉ በእርግጥ አንድ ላይ አንድ ፊልም ብቻ ነው ወይ የሚያየው ብሎ ጠየቀኝ።

አዎ አልኩት። ሁሉም አንድ ላይ። ደግሞም እየጮኸ።

ልጁ ሳቀ፤ ያመነኝ አልመሰለኝም። ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ «የሕዝብ ነው» ተብሎ ተነገረን፤ እኛም አመንን፤ አምነንም ዝም አልን። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ሲኒማ ውስጥ ለአክተሩ «ከኋላህ ነው!» ብለን የጮኽን ሰዎች ለራሳችን መጮህ እንዴት አቃተን?

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ይግጠመን!